ፓስወርዱ ልክ ነበር

የቢሯችን ኢሜይል ለሦስት ቀን ተዘግቶብን ያውቃል። መጨረሻ ላይ ምክንያቱ ሲገኝ የአምስት ደቂቃ ሥራ ሆኖ አረፈው። ቀሪውን ችግር በሙሉ የጨመርንበት እኛው ነን፤ በተለይ እኔ። የአምስት ወር ደብዳቤም በገዛ እጄ አጥፍቼበታለሁ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ያንኑ ቁልፍ ከመጫኑ በፊት እንዲያነበው ብዬ ነው።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ አነስተኛ አስመጪ ቢሮ ነው። የወፍጮ መለዋወጫ ከቻይና እናስመጣለን። በወረቀት ላይ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በተግባር ግን የባንኩም፣ የትራንዚተሩም፣ የላኪውም ጣጣ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ አለው፣ ኤክሴል አለው፣ ቴሌግራም አለው፣ የድርጅቱ ኢሜይል የሚገባበት ተንደርበርድ አለው። ሌላ ነገር ማየት ስፈልግ ስልኬን ነው የምከፍተው። ይህቺ ነገር ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍላኛለች።

ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ጠፋ፤ እሑድንም እንደጠፋ ዋለ። ሰኞ ታኅሣሥ 14፣ 2017 ስገባ መብራቱ መጥቷል። የመጋዘን ኃላፊያችን ቀድመውኝ ገብተው ኮምፒውተሩን አብርተውልኛል። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ትንሽ አስቸግሮ ነበር ልጄ፤ እንግሊዝኛ ጽፎ ቆመብኝ። አስተካክዬዋለሁ» አሉኝ። አመስግኜ ቁጭ አልኩ። ይህቺን «አስተካክዬዋለሁ» ያዙልኝ።

የዚያን ሳምንት ከቻይና የቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ ማለትም የመርከብ ጭነቱ ሰነድ፣ ረቂቅ እየጠበቅን ነበር። ረቂቁን አይቼ ስማችንና የዕቃው ዝርዝር ከኤልሲው፣ ባንኩ ለላኪው ከከፈተው የክፍያ ዋስትና፣ ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ አለብኝ። አንድ ፊደል ከሳተች ባንክ ይመልሰዋል፤ ወረቀቱ እስኪታረም ዕቃው ጅቡቲ ይቆማል። ላኪው እስከ ረቡዕ መልስ ካልሰጠን እንዳለ እንደሚያወጣው አስቀድሞ ነግሮናል።

ተንደርበርድን ስከፍተው አንድ መልእክት ብቅ አለ። አላነበብኩትም። «ኦኬ» ብዬ ዘጋሁት። ደግሞ ብቅ አለ፤ ደግሜ ዘጋሁት። ዝንብ እንደማባረር ነው ያደረግኩት። የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄ ነው፤ መልሱን ይዞ የመጣው እሱ ነበርና። እናንተ እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣባችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። እንግሊዝኛው ባይገባችሁም ግድ የለም፤ የሚገባው ሰው ጋ ትልኩታላችሁ። «ሰርቨሩ አልመለሰም»፣ «ፓስወርዱ ተቀባይነት አላገኘም»፣ «ሰርተፊኬቱ ላይ ችግር አለ» የሚሉት ሦስቱ ለእኛ አንድ ይመስላሉ፤ ሁሉም «ኢሜይል እምቢ አለ» ነው። ግን ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

ኢንተርኔት ይኖር እንደሆን ብዬ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ከፈትኩ። ፏ ብሎ ይሠራል። እንግዲህ ኢንተርኔቱ ደህና ነው አልኩ። ኢንተርኔቱ ደህና ከሆነ የቀረው ፓስወርዱ ነው ብዬም ደመደምኩ። በስልኬ በዌብሜይል፣ ኢሜይሉ በብሮውዘር በሚከፈትበት ገጽ፣ ገባሁና ፓስወርዱን ቀየርኩት።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ታዘቡኝ። በስልኬ ስገባ በአሮጌው ፓስወርድ ነው የገባሁት፤ እሺ ብሎ ተቀብሎኛል። ፓስወርዱ ልክ መሆኑን፣ አካውንቱም በሕይወት መኖሩን በዐይኔ አይቻለሁ ማለት ነው። ያየሁትን ትቼ ያሰብኩትን አመንኩ። ምንም ያልበላሸ ነገር ቀየርኩ።

አዲሱን ፓስወርድ ኮምፒውተሩ ላይ ባስገባውም አልሠራም። እስከ ምሳ ድረስ ስታገል ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መልኩ ተለወጠ። መልእክቱ ሌላ ሆነ። በስልኬ ዌብሜይሉን ልክፈት ብል እሱም ይሽከረከር ይሽከረከርና ይተወዋል። ጠዋት የሠራው ከሰዓት እምቢ ሲል አካውንታችን ተዘጋ ብዬ ደነገጥኩ። ሰርቨሩን፣ ኢሜይላችን የሚያርፍበትን ኮምፒውተር፣ የሚያከራየን ድርጅት ጋ ደወልኩ። «በእኛ በኩል ምንም ችግር የለም፤ አካውንቱ ክፍት ነው» አሉኝ። ተናድጄ ዘጋሁት። ያን ዕለት ማታ ቤቴ ሆኜ በዳታ እንኳን አልሞከርኩትም። ለምን እንዳልሞከርኩ ዛሬም ይገርመኛል።

ማክሰኞ ጎረቤት ሕንፃ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ጠራን። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ለሁሉም ነገር መልሱ «ፎርማት እናድርገው» ነው። እሱን እንኳን እምቢ አልኩ፤ የፒችትሪው ዳታ አሳስቦኝ። «እሺ፣ አካውንቱን አጥፍተሽ እንደገና ክፈቺው፤ ሁሌ የሚሠራው እንደዚህ ነው» አለኝ። ማውሱ በእጄ ነበር። አካውንቱን ላጥፋ ስል ፕሮግራሙ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች አሳየኝ። አንዱ የአካውንቱን መረጃ ላጥፋ ይላል። ሌላው ደብዳቤዎቹንም አብሬ ላጥፋ ነው የሚለው። «ሁለቱንም ራይት በይው፤ ንጹሕ ይሆናል» አለኝ። አደረግኩት።

በእርግጥም ንጹሕ ሆነ።

እኔ ደብዳቤዎቹ «ኢንተርኔት ላይ» ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። እንደገና ስንከፍተው ተመልሰው ይመጣሉ አልኩ። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ይሄንን ከዚህ ጽሑፍ ሌላ ሁሉ ቢቀር ያዙልኝ። ኢሜይል ወደ ኮምፒውተራችሁ የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ፖፕ ይባላል። ደብዳቤውን ከሰርቨሩ አውርዶ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል፤ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ቅጂ ወዲያው ወይም ከጥቂት ቀን በኋላ ያጠፋል። ተንደርበርድ ማንም ካልነካው 14 ቀን ብቻ ነው የሚያቆየው። የላካችሁት ደብዳቤ ደግሞ ከመጀመሪያውም ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ነው። ሌላው መንገድ አይማፕ ነው። በእሱ ዋናው ደብዳቤ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሩም ስልኩም ያንኑ ነው የሚያሳዩት። የእኛው ከዓመታት በፊት በፖፕ ተከፍቶ ነበር። አካውንቱን ስናጠፋ መዝገብ ቤቱን ነው ያቃጠልነው።

ስለዚህ ማንም «አጥፍተሽ ክፈቺው» ቢላችሁ፣ መጀመሪያ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ፖፕ ነው አይማፕ ብላችሁ እዩ። ፖፕ ከሆነ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ሳትገለብጡ ምንም አትንኩ። ተንደርበርድ ላይ ሄልፕ የሚለው ሜኑ ውስጥ «ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን» የሚል አለ። እዚያ ገጽ ላይ ከፕሮፋይል ፎልደር ጎን ያለውን ቁልፍ ስትጫኑ ሙሉ ፎልደሩ ይከፈትላችኋል። ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ፎልደሩን እንዳለ ገልብጡት። አውትሉክ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በፖፕ የገባው ደብዳቤ ያለው ፒኤስቲ የሚባል ፋይል ውስጥ ነው፤ እሱን ፈልጋችሁ ገልብጡ።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን ፊቱን አጥቁሮ መጣ። ያኔ ነው የአክስቴ ልጅ ትዝ ያለችኝ። አንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ክፍል ነው የምትሠራው። እስካሁን ያልደወልኩላት «በትንሽ በትልቁ አላስቸግራት» ብዬ ነው።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን ሞከርሽ ብላ አይደለም። «እትዬ፣ መልእክቱ ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት፤ ሰርቨሩ ቆይቶም መልስ አልሰጠም የሚል ነው።

«ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚለው?»

«አይ፣ ሰኞ ጠዋት ሌላ ነበር። ሰርተፊኬት የምትል ቃል ያየሁ መሰለኝ።»

«ቆይ፣ ሰርተፊኬት ካለማ... ከታች በቀኝ ጥግ ሰዓቱን እይልኝ።»

«3 ሰዓት ከ20።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

የእጅ ሰዓቴን አየሁ። «3 ሰዓት ከ20፤ ልክ ነው።»

«ቀኑስ?»

«4፣ 16፣ 2017። ታኅሣሥ 16 አይደል? ልክ ነው።»

ዝም አለች። ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። «እትዬ፣ ፈረንጆቹ ዛሬ ገናቸውን እያከበሩ ነው፤ ዲሴምበር 25፣ 2024። ያንቺ ኮምፒውተር ኤፕሪል 2017 ላይ ነው ያለው!»

ጋሼን ጠራኋቸው። ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቀኑ እንደጠፋበት እንግሊዝኛ ጽፎ ቆሞ ኖሯል። እሳቸው በቀና ልብ ግድግዳ ላይ ያለውን ካሌንደር አይተው ቀኑን ሞሉለት፤ በእኛ አቆጣጠር። ሰዓቱንም እንደዚያው በእኛ። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ሳየው ዐይኔን አልቆረቆረኝም። እንዴት ይቆርቁረኝ? ግድግዳው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። በኋላ ሳጣራው ኤፕሪል 16፣ 2017 በእኛ ሚያዝያ 8፣ 2009 ነው፤ የዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለበት ቀን። እኔ ጾመ ነቢያትን ስጾም ኮምፒውተሬ እየገደፈ ነበር።

አንድ ፍንጭስ ነበረኝ። እነዚያን ቀናት ሴቭ ያደረግኳቸው የኤክሴል ፋይሎች እንደ ወትሮው ከላይ አይወጡም ነበር፤ ወርጄ ወርጄ ነው የማገኛቸው። «ይሄ ደግሞ ምን ሆነ» ብዬ አለፍኩት። ያን ሰሞን ኮምፒውተሩ ላይ ብሮውዘር ከፍቼ ቢሆን ኖሮም ብዙ ድረ ገጽ እምቢ ሲለኝ እነቃ ነበር። ያየሁት ቴሌግራምን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀኑ ተዛብቶም ሠራልኝ።

ቀንና ኢሜይል ምን አገናኛቸው ብላችሁ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። የአክስቴ ልጅ እንዲህ አስረዳችኝ። ኮምፒውተሩ ፓስወርዳችሁን ለሰርቨሩ ከመስጠቱ በፊት መታወቂያ ይጠይቀዋል። ሰርተፊኬት የሚባለው እሱ ነው። መታወቂያው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ብዙዎቹ 90 ቀን ብቻ ነው የሚያገለግሉት። የእኛ ሰርቨር መታወቂያ የወጣው በ2024 ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ዛሬ 2017 ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ «ይህ መታወቂያ ገና አልጀመረም» ብሎ በሩ ላይ ይመልሰዋል። ፓስወርዱ ተጠይቆም አያውቅም። እኔ ያልተጠየቅኩትን ነበር ሦስት ቀን የምመልሰው።

ቀኑንና ሰዓቱን በእጅ አስተካከልን። መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ አውቶማቲክ የሚለውን ማብራት ይሻላል፤ ልዩነቱ ዓመታት ሲሆን አውቶማቲኩ ብቻውን ላይመልሰው ይችላል። የሰዓት ክልሉን ስትመርጡ ዊንዶውስ ላይ አዲስ አበባን አትፈልጉ። ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ፤ ፕላስ 3 ነው፤ የእኛው ነው።

በደስታ ተንደርበርድን ከፈትኩ። አልሠራም።

ልቅሶ ነው የቀረኝ። የአክስቴ ልጅ ግን «ጠብቄው ነበር» አለች። የስልኬን ዋይፋይ አጥፍቼ፣ ዳታ ከፍቼ፣ ዌብሜይሉን እንድሞክር ነገረችኝ። ወዲያው ተከፈተ። የቻይናው ረቂቅ እዚያ ቁጭ ብሏል፤ ከማክሰኞ ጀምሮ። እዚያው በስልኬ ላይ አየሁት። የድርጅታችን ስም ላይ አንድ ፊደል ተዘሏል። አርሜ ላክሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ታዲያ በቢሮው ዋይፋይ ለምን አይከፈትም? ምክንያቱ ሰኞ የቀየርኩት ፓስወርድ ነው። ያው ኢሜይል የሥራ አስኪያጁ ስልክ ላይም፣ መጋዘን ያለው ላፕቶፕ ላይም አለ። ለእነሱ አዲሱን ፓስወርድ አልነገርኳቸውም። ላፕቶፑ በየ10 ደቂቃው በአሮጌው ፓስወርድ ሰርቨሩን ያንኳኳል፤ ስልኩም እንዲሁ። ሰርቨሩ ከአንድ አድራሻ የተሳሳተ ፓስወርድ ሲደጋገምበት ሌባ ነው ብሎ አድራሻውን በሙሉ ያግዳል። አድራሻው ደግሞ የቢሯችን ኢንተርኔት ነው። ከሰኞ ከሰዓት ጀምሮ ከቢሮው ማንም መግባት አይችልም ነበር። ሰርቨሩን የሚያከራዩን ሰዎች ችግር የለም ሲሉኝ ልክ ነበሩ፤ እኔ ነኝ ጥያቄውን ያላወቅሁት። መጠየቅ የነበረብኝ «የቢሯችን አይፒ ታግዶ ይሆን?» ብዬ ነው፤ አይፒ የሚባለው ያ የኢንተርኔት አድራሻ ነው። አይፒውን ለማወቅ በዚያው ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ ጉግል ላይ «ዋት ኢዝ ማይ አይፒ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ፤ ቁጥሩን ቅዱና አንብቡላቸው። እኛ ግን ከመደወላችን በፊት ስልኩም ላፕቶፑም ላይ አዲሱን ፓስወርድ አስገባን፤ ያለበለዚያ ባስከፈቱት በሰዓቱ ይታገዳል። ከደወልኩ በኋላ ሻይ ሳልጨርስ ነው የተከፈተው።

ይህ የዋይፋይና የዳታ ሙከራ ነፃ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ነው። በዳታ ሠርቶ በዋይፋይ እምቢ ካለ አካውንታችሁ ደህና ነው፤ ችግሩ ቢሮው ውስጥ ነው። በሁለቱም ከሠራና ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ እምቢ ካለ ኮምፒውተሩን ጠርጥሩ፤ ከሰዓቱ ጀምራችሁ።

አካውንቱን እንደገና ስንከፍት በአይማፕ አደረግነው። ሴቲንጉ ፖርት ብሎ የበር ቁጥር ሲጠይቃችሁ፣ የሚገባው በ993፣ የሚወጣው በ465 ወይም በ587 ነው፤ ፖፕ ለሚጠቀም መግቢያው 995 ነው። ዩዘርኔም ሲላችሁ ሙሉ ኢሜይሉን ጻፉ። ጥገናው ልጅ ማክሰኞ ዕለት «ሴኩሪቲውን እናጥፋውና እንሞክር» ብሎኝ ነበር። እንዲህ አታድርጉ፤ ፓስወርዳችሁ በመንገድ ላይ ራቁቱን ነው የሚሄደው። ሌላ የገጠመን፣ ደብዳቤ ይገባል ግን አይወጣም። የመጋዘኑ ላፕቶፕ የሚወጣበትን ፓስወርድ ለብቻው አስቀምጦት ኖሯል፤ አሮጌውን። ከተቀመጡት ፓስወርዶች ውስጥ ሁለቱንም አጥፍተን አዲስ ስናስገባ ተስተካከለ።

ጂሜይል የምትጠቀሙ አንድ የተለየ ነገር አለባችሁ። ጉግል ከሜይ 30፣ 2022 ጀምሮ አሮጌ ፕሮግራሞች በተራ ፓስወርድ እንዲገቡ መፍቀድ አቁሟል። ማይክሮሶፍትም በአውትሉክ ዶት ኮም ላይ ከሴፕቴምበር 16፣ 2024 ወዲህ እንዲሁ አድርጓል። ለዓመታት የሠራ ፕሮግራም በድንገት ፓስወርዱን አልቀበልም ካላችሁ ይሄ ሊሆን ይችላል። አዲስ ፕሮግራም ላይ ኦኦት 2 (OAuth2) የሚለውን የመግቢያ ዘዴ ምረጡ፤ የጉግል መግቢያ ገጽ ራሱ ይከፈታል። ፕሮግራሙ ለዚያ አሮጌ ከሆነ፣ ጂሜይል ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብርታችሁ አፕ ፓስወርድ የሚባል ባለ 16 ፊደል ማውጣት ትችላላችሁ። ዋናውን ፓስወርድ መቶ ጊዜ ብትጽፉት አይሠራም።

ሐሙስ መብራት ለአንድ ሰዓት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ቀኑን ደግሞ ረሳው። አሁን ግን የት እንደማይ አውቃለሁ። ማዘርቦርዱ ላይ የሳንቲም መልክ ያላት ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ የእኛዋ ሞታለች። ያው ጥገናው ልጅ መጥቶ ቀየረልን። ዋጋዋ ከምሳ ያነሰ ነው።

የጠፋው ደብዳቤ ነገር እንዲህ ሆነ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሒሳብ ስንዘጋ ለኦዲተር ብዬ ያን ፎልደር ፍላሽ ላይ ገልብጬው ኖሯል። እሱን መለስን። ከኅዳር መጨረሻ ወዲህ ያለው ሰርቨሩ ላይ ተገኘ። መሃል ያለው ከሐምሌ እስከ ኅዳር የለም። ላኪዎቹን አንድ በአንድ ለመንኩ፤ ብዙዎቹ መልሰው ላኩልኝ። ባንኩ ጋ ያለውን ሄጄ ኮፒ አስደረግኩ። ከአንድ ደንበኛ ጋር በዋጋ የተስማማንበት ደብዳቤ ግን አልተገኘም፤ እሱም «እኔ ጋ የለም» አለ። እውነቱን ይሁን አይሁን እንጃ። ያን ዕቃ በእሱ ዋጋ ሸጥንለት።

ጋሼ ነገሩን ሲሰሙ በጣም አዘኑ። በማግስቱ ነጭ ፕላስተር ቆርጠው ስክሪኑ ግርጌ ለጥፈውበት አገኘሁ። በዚያ በሚያምር የድሮ እጅ ጽሑፋቸው «ይህ ማሽን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው» ይላል። እስከዛሬ አላነሣሁትም።